ተጠባባቂ የሚባል አገር

ባለቤቴ በአንድ ወቅት የቀይ ባሕር ዳርቻ አስተዳዳሪ ነበር። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያየኛል፤ «ተጠባባቂ» የምትለዋን ቃል ስጨምርባት ግን መልሶ ወደ ሳህኑ ያጎነብሳል። ሚኒሶታ የተወለደችው ልጃችን እንኳ አንድ ቀን ለትምህርት ቤት ሥራ አባቷ አገሩ ላይ ምን ይሠራ እንደነበር ጠየቀችኝና፣ በማውቃት እንግሊዝኛ «አክቲንግ ገቨርነር ነበር» አልኳት። ዓይኗን አፍጥጣ፣ «ዌይት፣ ዳድ አክተር ነበር?» አለች። አባቷ ሶፋው ላይ እንደተጋደመ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «አልተሳሳተችም፤ ስተውን ነው የኖርኩት» አለ። ሳቁ ሲያልቅ ግን እንባው አላቋረጠም፤ ልጅቷም ይህን አየች።

የወደቧን ስም አልጠራም። አማርኛ የሚያነብ ሰው የትኛዋን እንደምል ያውቃል፤ ስሟ በተነሳ ቁጥር ደግሞ ጠብ ይነሳል፣ እኔ ለጠብ ዕድሜው የለኝም። እዚያ የሄድኩት ለጋ ሙሽራ ሆኜ ነው። አስተዳዳሪ ሲባል የባሕሩም የየብሱም ጌታ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ እንዲያ አልነበረም። ወደቡ የራሱ መሥሪያ ቤት ነበረው፣ አለቃውም የሚቀመጠው አዲስ አበባ ነበር። የነዳጅ ማጣሪያው ተጠሪነቱ ለሚኒስቴሩ፣ የጦር መርከቦቹ ለባሕር ኃይሉ ነበር። ሁሉም የሰፈሩት እኛ ዘንድ ነው፤ የሚታዘዙት ግን በሬዲዮ ከላይ ነበር። ለአስተዳደሩ የቀሩለት ቀበሌዎቹ፣ ትምህርት ቤቶቹ፣ ክሊኒኩ፣ የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበርና ከኋላችን ያለው በረሃ ነበሩ። ባለቤቴ እንግዳ ሲመጣ ቢሮው በረንዳ ላይ ቆሞ እጁን እየዘረጋ ያስጎበኝ ነበር። «ያ ወደቡ ነው፣ የነሱ ነው። ያ ማጣሪያው ነው፣ የነዚያ ነው። ሙቀቱ የኛ ነው።»

ሙቀቱ እውነትም የእኛ ነበር። ሥራ የሚጀመረው ጎህ ሲቀድ ነው። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ መሥሪያ ቤቱ ተዘግቶ ሁሉም ይተኛል፤ ወደ ማታ ደግሞ እንደገና ይከፈታል። ጠዋት ጠዋት የሬዲዮ ኦፕሬተሩ የጎደለውን ሁሉ ለአዲስ አበባ ያነባል። አዲስ አበባም «በጥናት ላይ ነው» ትላለች። እኔ አንዳንዴ ልብስ እያሰጣሁ ይህቺን መልስ በመስኮት እሰማት ነበር። ልጅ ብወልድ ስሟን «ጥናት» ነው የምላት እያልኩ አሾፍበታለሁ።

ባለቤቴ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ነበር። ዋናው አስተዳዳሪ ለስብሰባ ብሎ አዲስ አበባ ሄደና ቀረ። አልተሻረም፣ አልተመለሰምም። እና ለባለቤቴ «ዋናው እስኪመለሱ በተጠባባቂነት እንዲሠሩ» የሚል ትእዛዝ መጣ። እስኪመለሱ! ዓመት መጣ፣ ዓመት ሄደ፣ ሰውየው አልተመለሱም። ባለቤቴም የሰውየውን ወንበር አልነካም። ከጎኑ የእንጨት ወንበር አስመጥቶ፣ እዚያች ላይ ጠመም ብሎ ተቀምጦ አገር ያስተዳድር ነበር። ወገቡ የታመመው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው ብዬ አምናለሁ።

ደንቡ እንዲህ ነበር፦ ተጠባባቂ ጊዜያዊ ነገር መፍቀድ ይችላል፣ ቋሚ ነገር መጀመር ግን አይችልም። ጣራ ያስጠግናል፣ ቤት አያሠራም። መምህር ያዛውራል፣ መምህር አይቀጥርም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። የኔ ባል አልበላም፣ እውነቱን ለመናገር አልተሾመምም፤ መቆጨቱ ግን አልቀረለትም።

ያ ክፍል የአፋሮች አገር ነው። አፋሮች ሲገናኙ ዳጉ የሚሉት ሥርዓት አላቸው። ከሩቅ የመጣው ቁጭ ይልና ያየውን የሰማውን ሁሉ ይሰጣል፤ የት ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ። አድማጩ አያቋርጥም። ሲጨርስ ደግሞ ተራው የአድማጩ ነው፤ ዜና የተቀበለ ዜና ይሰጣል። መደበቅ ነውር ነው፤ በበረሃ የተደበቀ ዜና ሰው ይገድላላ። የመንግሥቱ ሬዲዮ ያገናኘን ከአዲስ አበባ ጋር ነበር። ከገዛ ክፍላችን ጋር ያገናኘን ዳጉ ነው። የትኛው መንደር ኩፍኝ እንደገባበት፣ የትኛው ጀልባ እንደጠፋ ባለቤቴ ይሰማ የነበረው ቢሮው ደጃፍ ጥላ ሥር ከሚቀመጡት ሽማግሌዎች ነበር።

ከእነሱ አንዱ፣ ከበረሃው የመጡ የጎሳ አባት፣ አንድ ቀን ዘበኛውን «እዚህ ትልቁ ማን ነው?» ብለው ጠየቁት። ዘበኛው «ተጠባባቂ ነው» አላቸው። ሽማግሌው ስሙ መሰላቸው። በቋንቋቸው አንቱታ ስለሌለ ቀጥ ብለው ገቡና፣ «አንተ ተጠባባቂ፣ ሰላም ነህ ወይ?» አሉት። ቤት መጥቶ ሲነግረኝ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ።

«አላረምካቸውም?» አልኩት።

«ምን ብዬ ላርማቸው? ልክ ናቸው እኮ።»

ሽማግሌው የመጡት ለውኃ ነበር። ሰፈራቸው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ያለበት ጠመዝማዛ ጋ ነው። በስተምዕራብ ያሉት፣ ኤላ የሚሏቸው የድሮ የእጅ ጉድጓዶቻቸው በዚያ ዓመት ደርቀዋል። ባለቤቴ የውኃ ቦቴ ላከላቸው። ጊዜያዊ ትእዛዝ ስለሆነ በየሳምንቱ መታደስ ነበረበት፤ እሱም በየሳምንቱ ያድሳል። ቦቴው ድንጋዩ አጠገብ ካለች አንዲት ግራር ሥር ይቆማል፣ ሴቶቹ ይቀዳሉ፣ ፍየሎቹ ከገንዳ ይጠጣሉ። እኔም አንድ ሁለቴ አብሬው ሄጃለሁ። ልጆቹ ከሩቅ አቧራውን ሲያዩ «ተጠባባቂ! ተጠባባቂ!» እያሉ ይሮጡ ነበር። ባለቤቴ ፊቱን አዙሮ መሐረብ ፈለገ። አቧራው ነው አለኝ። እኔም አቧራው ነው አልኩ።

እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ። ከዕለታት አንድ ቀን አንዲት የጉድጓድ መቆፈሪያ መኪና ከመርከብ ወረደች። ለመሀል አገር ነበር የመጣችው፤ ጉዳይዋ እስኪያልቅ ግን ወደቡ ላይ ቆመች። ቆፋሪዎቹ ሥራ ፈተው በየጥላው ካርታ ይጫወታሉ። አለቃቸው ደግ ሰው ነበር። የሽማግሌውን ሰፈር ሄዶ አየና እዚያ ያለው ደረቅ ወንዝ ሥር ውኃ ሳይኖር አይቀርም፣ ወረቀት ስጡኝና እኛ እንቆፍረዋለን አለ። ወረቀት ማለት የአስተዳዳሪ ፊርማ ማለት ነው፤ ጉድጓድ ደግሞ ቋሚ ሥራ ነው።

ባለቤቴ ለምሳ መጥቶ ነገረኝ።

«ፈርም» አልኩት።

«ሥልጣኔ አይደለም።»

«ማን ያይሃል? ዋናው እንደሆነ ወንበሩን እንኳ ረስቶታል።»

«አዲስ አበባን ጠይቄአለሁ።»

«አዲስ አበባ ምን አለች?»

ሳይመልስልኝ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለን። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ ነበር እናቴ። ቆፋሪዎቹ ካርታቸውን ሲጫወቱ ሰንብተው አንድ ጠዋት መኪናዋን አስነስተው ሄዱ። ምናልባት ውኃው ጨው ይሆን ነበር፣ ምናልባት ከነጭራሹ አይገኝም ነበር። ባለቤቴ ይህንን «ምናልባት» እንደ መድኃኒት ሲውጠው ኖሯል፤ አላሻለውም።

ብዙ ሳይቆይ መንግሥት ወደቀ። እኛም በአንዲት የዓሣ ጀልባ ወደ ጅቡቲ ወጣን። ጀልባዋ ስትርቅ ሰው ሁሉ ዞሮ ከተማዋን ያያል። ባለቤቴ ግን የሚያየው ከከተማዋ በስተኋላ ያለውን በረሃ ነበር። «የዚህን ሳምንት አላደስኩትም» አለኝ። በዚያ ሁሉ መከራ መካከል ስለ ምን እንደሚያወራ ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

ሚኒሶታም መጥተን ተጠባባቂነቱ አልለቀቀውም። ፕሊማውዝ ያለ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ያሽግ ነበር፤ ተቀጣሪነቱ ግን ለመጋዘኑ ሳይሆን ሰው ለሚያከራይ ኤጀንሲ ነው። ቴምፕ ይሉታል፣ ጊዜያዊ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ «ፐርማነንት እናድርግህ» ብለውት ሁለቴም «ላስብበት» ብሎ መጣ። ሪችፊልድ ያለው አፓርታማችንን የምንከራየው በወር በወር ነው። ግድግዳው ላይ ሚስማር አይመታም፣ ሥዕሎቼ ሁሉ መሬት ላይ ግድግዳ ተደግፈው ነው የኖሩት። እኔ በነርስ ረዳትነት ሠርቼ ኦቨርታይም እየገባሁ የቤት ነገር ሳነሳበት «እስቲ ይቆየን» ይላል። ምኑን ነው የምናቆየው ብዬ ስንት ቀን ጮኼበታለሁ። አንድ ቀን ግን፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ሳለች፣ ዝም ብዬ በሌላ በኩል ጠየቅኩት፤ «ምንድን ነው የያዘህ?»

«እነዚያ ሰዎች ምን ሆኑ?» አለኝ። «ይህን ሳላውቅ ሌላ ነገር መጀመር አልችልም።»

ከዚያ ወዲህ መጮህ ተውኩ።

የከተማው ቀላል ባቡር ሥራ ከጀመረ በኋላ ባለው ዓመት ይመስለኛል፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ አጠገብ ባለ ሆስፒታል እሠራ ነበር። መኪናዬን ከማቆምበት ፓርኪንግ ልወጣ ስል ሂሳብ ተቀባዩ ወጣት ትኬቴን በእጁ እንደያዘ ከአንድ ጓደኛው ጋር ያወራል። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል። ከዚያ ይለዋወጣሉ። እኔ እግሬ ቆስሎ፣ ቤቴ ናፍቆኝ፣ ልሳደብ አፌን ከፈትኩና የሰማሁት ነገር ምን እንደሆነ ገባኝ። ዳጉ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ በቢሮው ደጃፍ የሰማሁት። እስኪጨርሱ ጠበቅኩ።

«ወንድሜ፣ አፋር ነህ?»

«አዎ። አንቺ እንዴት አወቅሽ?»

«ዳጉ ስትሰጡ ሰማኋችሁ። ከየት ነህ?»

«ከሎግያ ነው የመጣሁት።»

«አይ፣ የተወለድክበትን ነው።»

«እሱንማ አታውቂውም። ባሕሩ ጋ፣ በረሃ ላይ ነው። ተጠባባቂ ይባላል።»

«ምን ይባላል?»

«ተጠባባቂ። የአገሩ ስም ነው» አለና ትኬቴን መለሰልኝ። ከኋላዬ ያለው መኪና ጥሩምባውን እስኪያጮህ ድረስ መንቀሳቀስ አቃተኝ። ከዚያ ወደ ጎን አቁሜ ወረድኩና ስልክ ቁጥሩን ተቀበልኩ። ስለ ባለቤቴ ግን ምንም አልነገርኩትም፤ ይህ የኔ ዜና አልነበረም።

ቤት ገብቼ ስነግረው ጫማውን እያወለቀ ነበር። አንዱን ጫማ በእጁ እንደያዘ ቀረ።

«በስምህ ነው የሚጠሩት» አልኩት።

«ሰዎቹስ?»

«አልጠየቅኩትም። አንተ ጠይቀው።»

«እሺ። እስቲ ይቺ ሳምንት ትለፍ።»

ስንት ሳምንት እንዳለፈ አልቆጠርኩም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካፖርቱን አልብሼ፣ ወደ መኪናው እየገፋሁ ነው የወሰድኩት። ሴዳር ሪቨርሳይድ ያሉት ረጃጅም ፎቆች ሥር አንዲት የሶማሌዎች ሻይ ቤት አለች፤ እዚያ ተቀጣጠርን። ልጁ ቀድሞን ደርሶ ነበር። ለባለቤቴ ወንበር ሳበለት። ባለቤቴም እንደ ልማዱ በወንበሩ ጠርዝ ላይ ጠመም ብሎ ተቀመጠ።

«እኔም እዚያ አካባቢ ሠርቻለሁ፣ ድሮ» አለ።

«እንግዲያው የአገሬ ሰው ነህ። እኔ ልስጥህ፣ ከዚያ አንተ ትሰጠኛለህ» አለ ልጁ፣ ፈገግ ብሎ።

ልጁ መስጠት ጀመረ። ከቅርቡ ተነስቶ ወደ ሩቁ ነው የሄደው፣ እንደ ደንቡ። ስለ ፓርኪንጉ ሥራ፣ ስለ ትልቅ መኪና መንጃ ፈቃድ ትምህርቱ ነገረን። «ቦቴ መንዳት ነው ከልጅነቴ የምፈልገው። ሰው ይስቅብኛል» አለ። ከዚያ ወደ ሎግያ ሄደ፣ ከዚያም ወደ ተወለደበት። ባለቤቴ ሻዩን አልነካውም።

«ተጠባባቂ ድሮ ውኃ የሚልክ ሰው ነበር። ትልቅ ሰው ነው፣ የባሕሩ ሹም ነው ይላሉ። ቦታው በእሱ ስም ነው የሚጠራው። በየሳምንቱ ይልካል፣ ቀርቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ግን ቀረ። ጦርነት ነው ተባለ። አባቴ ‹ተጠባባቂ ቀርቶ አያውቅም፣ ይመጣል› አለ። ቁጭ ብለን ጠበቅን። ሌላ ሳምንት መጣ፣ ጠበቅን። የድሮዎቹ ኤላዎች በአሸዋ ተሞልተው ነበር፤ ቦቴው ስላለ ለዓመታት የጠረጋቸው ሰው የለም። ፍየሎቹ ሲያልቁ ተነስተን ሄድን። ታናሽ እህቴ መንገድ ላይ ቀረች። ትንሽ ነበረች። ሌላው ሰው ደረሰ።»

ይህን ሁሉ የተናገረው ድምፁን ሳይለውጥ ነው፤ ዳጉ ሲሰጥ አይለቀስም። እኔ ግን ከጠረጴዛው ሥር የባለቤቴን ጉልበት ይዤ ነበር።

«አሁን እዚያ ማን አለ?» አለ ባለቤቴ፣ በመከራ።

«ማንም የለም። እረኞች ያልፉበታል። ስሙ ግን አለ።»

ባለቤቴ የሻዩን ብርጭቆ ገፋ አድርጎ፣ «ድንጋዩ አጠገብ የነበረችው ግራርስ?» አለ።

ልጁ ቀና ብሎ አየው። «አለች» አለ። «አሁን ያንተን ስጠኝ።»

ሻይ ቤቱ ውስጥ ኳስ የሚያዩ ሰዎች ይጮሃሉ። ባለቤቴ ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ ስለ ፕሊማውዙ መጋዘን፣ ልጃችን ጎበዝ ስለ መሆኗ፣ ስለ ወገቡ ነገረው። «ድሮ ቢሮ ነበርኩ» አለ። «ወረቀት ሥራ ነው።» በዚሁ ጨረሰ። ልጁ ትንሽ ጠበቀ፣ የሚጨመር ነገር ያለ ይመስል። ከዚያ «ጥሩ ነው» ብሎ እኛ ሳናይ ሂሳቡን ከፍሎ ኖሮ ተሰናበተን።

መኪናውን የምነዳው እኔ ነበርኩ። በራችን ላይ ሞተሩን ሳጠፋ፣ «እንግዲህ ሹመቴ ጸደቀ» አለ። አገር በስሙ ስለ ተጠራለት ነው። በሕይወቴ ከሰማሁት ቀልድ ሁሉ የመረረኝ እሱ ነው።

«ለምን አልነገርከውም?» አልኩት።

«ምን ልበለው? እህትህን የገደልኳት እኔ ነኝ ልበለው?»

«መንግሥት ወድቆ ነው የቀረው። አንተ ምን ታደርግ ነበር?»

«ቦቴው ባይኖር ኤላቸውን ይጠርጉ ነበር። ጉድጓዱ ቢኖር ቦቴውን አይጠብቁም ነበር። ሁለቱንም አላደረግኩም። ጊዜያዊ ነገር ሰጥቼ አስለመድኳቸው።»

ከመኪናው ወርጄ በሩን ከፈትኩለት። ከሁሉም የቆጨኝ ደግሞ ይህን ሁሉ ለልጁ ቢሰጠው ኖሮ ትክክለኛ ዳጉ ይሆን እንደነበር ማወቄ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊነግረው ቆረጠ። መቁረጡንስ ቆርጧል፤ መሄዱ ነው የጠፋው። አንድ ቅዳሜ በረዶ ነው፣ አንድ ቅዳሜ ሺፍት ነው፣ አንድ ቅዳሜ ልጁ ለመንጃ ፈቃድ ይፈተናልና አናውከው ነው። አንዳንድ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሲለማመድ በበሩ እሰማዋለሁ። «ስማኝ ልጄ፣ ተጠባባቂው እኔ ነኝ» ይላል። ያቋርጥና እንደገና ይጀምራል፤ «ስማኝ ልጄ…» ከዚያ ውኃውን ይከፍታል። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ምሳውን እቋጥርለታለሁ። ያ ሁሉ ስብሰባ የመራ፣ ያ ሁሉ ሰው ያስታረቀ ሰው፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቃተው።

ልጁ መንጃ ፈቃዱን አገኘና ደወለልን። ሳውዝ ዳኮታ ሥራ ማግኘቱን በደስታ እየጮኸ ነገረኝ። «እናቴ፣ ቦቴ ነው የምነዳው! ወተት ነው የምጭነው!» ስልኩን ለባለቤቴ ዘረጋሁለት። እጁን አወናጨፈ፤ «ሲመለስ፣ በአካል» ብሎ በሹክሹክታ። እኔም «እንኳን ደስ አለህ» ብዬ ዘጋሁ።

ባለቤቴ በረዶው በገባ ሰሞን መጋዘኑ ውስጥ፣ ሥራ ላይ እያለ ወደቀ። ልቡ ነው አሉን። ልጃችን ያን ዕለት ቤት ገብታ መሬት ላይ ተደግፈው የኖሩትን ሥዕሎች አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ መታቻቸው። ከየት ሚስማር እንዳመጣች አላውቅም። «እማ፣ ኢትስ ኢናፍ፣ በቃ» አለችኝ። አልተቆጣኋትም።

የሪችፊልድና የሴንት ፖል ሰው ሁሉ ቤታችንን ሞልቶ አስተዛዘነን። ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ አንድ ከሰዓት ስልክ ተደወለ። ልጁ ነበር። መንገድ ዳር አቁሞ ነው የደወለው፤ የቦቴው ሞተር ይሰማኛል።

«ሰማሁ» አለኝ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

«ማን ነገረህ?»

«ዳጉ» አለ።

ያን ጊዜ አልቻልኩም። ተጠባባቂው እሱ እንደሆነ ነገርኩት። ባለቤቴ ሊነግረው ሲለማመድ እንደኖረ፣ በየሳምንቱ ሲያስተላልፈው እንደከረመ ነገርኩት። እያለቀስኩ ነበር፤ የገባው አልመሰለኝም።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ግራሯን የጠየቀኝ ጊዜ። ግራሯን የሚያውቃት ከቦቴው ጋር የመጣ ሰው ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ለምን ‹አውቄሃለሁ› አላልከውም?»

ሞተሩን አጠፋው፤ የነፋሱ ድምፅ ብቻ ቀረ።

«ዜና ተቀባይ ከሰጪው አፍ አይነጥቅም» አለኝ። «እኔ የኔን ሰጥቻለሁ፤ ተራው የእሱ ነበር። ያን ቀን ፈራ፣ ሌላ ቀን ይሰጠኛል ብዬ ነው። ስልክ በደወልኩልሽ ቁጥር ይሰጠኛል ብዬ ነው። ጠበቅኩት፣ እናቴ።»

ምን ልበል? አባትየው ጠበቁት፣ ልጁ ጠበቀው፤ እሱ ደግሞ ሁለቱንም እየፈራ ነገን ሲጠብቅ ሞተ። ጉድጓዱን ከእንግዲህ ማንም ሊቆፍረው አይችልም፤ ዓረፍተ ነገሯን ግን አንድ ሰው መጨረስ ነበረበት።

«ጊዜ አለህ?» አልኩት።

«አለኝ። አቁሜአለሁ።»

ሶፋው ላይ፣ እሱ ይጋደምበት በነበረው በኩል፣ በወጉ ተቀመጥኩ። እንግዲያው ስማኝ ልጄ አልኩትና፣ ባለቤቴን ወክዬ፣ ከመቆፈሪያዋ መኪና ጀምሬ ዜናውን ሰጠሁት። እስክጨርስ አላቋረጠኝም።